በቃል የተቆለፈው ክሬሸር

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዳዩ እንግባ፤ ሮብሌን አልወደውም። ይህን የምጽፈው ታርቀን፣ ተሳስመን አይደለም። ዛሬም ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ፊት ለፊት ብንገጣጠም እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ነን። ሆኖም አሠልጣኝ ተብዬ በኖርኩባቸው ዓመታት ያልገባኝን ነገር በአንድ ከሰዓት ያስገባኝ ይኸው የምጠላው ሰው ስለሆነ፣ ሳልወድ በግዴ ስሙን እያነሳሁ ልተርክላችሁ ነው።

ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የካባ ማሽነሪ ጥገና አሠልጣኝ ነበርኩ። ካባ የምለው ድንጋይ ተፈንድቶ የሚወጣበትንና የሚፈጭበትን ቦታ ነው። በከተማችን ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል፤ ሲሚንቶው ከዚያ ይወጣል፣ የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል። አባቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። እሱ ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ ሳይለቀው ጡረታ ሲወጣ፣ እኔ ዲግሪዬን ይዤ ነጭ ጋወን ለበስኩ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ ተማሪ ሳለሁ ካደረግሁት ጉብኝት በቀር ካባ ውስጥ አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም። ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላወራሁም።

ስሜ በጥሩ የሚነሳው በአንድ ነገር ነበር። ሰው ማሽን ውስጥ እጁን ከመክተቱ በፊት አራት ነገር ማድረግ አለበት። ኃይሉን ያጠፋል። ማጥፊያውን በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። "ሰው እየሠራ ነው" የሚል ካርድ ይሰቅላል። በመጨረሻም ማስነሻውን ተጭኖ ማሽኑ አለመነሳቱን ያረጋግጣል። ኮሌጃችን ለዚህ ማስተማሪያ ማጥፊያና ማስነሻ ያለው አንድ ትንሽ ፓኔልና አንድ ቀይ ጓጉንቸር ነበረው። ጓጉንቸሩ ግን ጠንካራ ሆኖ ስለተገኘ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወሰደና የመጋዘኑን በር ቆለፈበት። ሄጄ ስጠይቀው "ሙሉ መጋዘን ይበልጣል ወይስ የተማሪ መጫወቻ?" አለኝ። አልተከራከርኩትም።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በቃል ሆነ። ሠልጣኙ ፓኔሉ ፊት ይቆምና ማጥፊያውን ወደ ታች አውርዶ፣ ጮክ ብሎ "አጠፋሁ፣ ቆለፍኩ፣ ካርድ ሰቀልኩ፣ ሞክሬ አረጋገጥኩ" ይላል። እኔ ቼክሊስቴ ላይ አራት ጊዜ ራይት አደርጋለሁ። ድምፁ የሰለለውን "አልሰማሁም፣ ድገም" እለዋለሁ። እንግዳ ወደ ኮሌጁ ሲመጣ የሚወሰደው እኔ ክፍል ነው፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያወርዱት ያጨበጭባል። የብቃት ፈተና የሚሰጡት መዛኞችም በዚያው መንገድ ይመዝኑ ነበር፤ ከመዛኞቹም አንዱ እኔው ነኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ያኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

በዚያ ዓመት ስድስት ሠልጣኞች ለትብብር ሥልጠና ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ካባ ላክሁ። ለስድስት ሳምንት ድርጅቱ ውስጥ እየሠሩ ይማራሉ፤ በመጨረሻ የድርጅቱ ሰው መዝገባቸው ላይ ካልፈረመ ለብቃት ምዘና አይቀመጡም። ከስድስቱ የምመካባት ኢክራም ነበረች። እናቷ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ልጅቷ ሱቅ ተቀመጪ ስትባል እምቢ ብላ መፍቻ ያነሳች ናት። እናቷም እስከዚያ ምዘና ድረስ ብቻ ታግሳታለች፤ ከወደቀች ወደ ሱቁ፣ ነገሩ አለቀ። ድርጅቱ ደግሞ ከስድስቱ አንድ ሰው እንደሚቀጥር ነግሮኝ ነበር። ፊርማው ከመጣ ያ ሰው ኢክራም እንደምትሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ፊርማው አልመጣም። ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ኢክራም ደውላ፣ የድንጋይ መፍጫው፣ የክሬሸሩ ክፍል ሹም ሮብሌ ለአንዳቸውም አልፈርምም እንዳለ ነገረችኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ መጥረጊያና የግራሶ ባልዲ እንጂ መፍቻ አስይዟቸው አያውቅም። ድንጋይ ከሚያጓጉዘው ኮንቬየር ሥር ያለውን ዱቄት ጥረጉ፣ አፈሩን ዛቁ፣ ከማሽኑ ራቁ፤ ትምህርቱ ይህ ነበር። ደሜ ፈላ። በማግስቱ መዝገቦቹን በብብቴ ይዤ እዚያው ካባ ድረስ ሄድኩ።

ሮብሌ ከኮንቴይነር ጥላ ሥር ጄሪካን ላይ ተቀምጦ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ነው። ከተቀመጠበት አልተነሳም፣ እጁንም አልዘረጋልኝም። እኛ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማናበዛ ታውቃላችሁ፤ በእሱ አፍ ግን "አንተ" ስድብ ይመስላል።

"አንተ ነህ እነዚህን ያስተማርከው?" አለኝ።

እኔ ነኝ አልኩና ያመጣሁትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ውሉ ሠልጣኞቹ እንዲሠሩ ይላል፣ አንተ የጽዳት ሠራተኛ አደረግሃቸው፤ የእነዚህን ልጆች ዕድል በምን ሥልጣንህ ትዘጋለህ አልኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ምራቁን ወደ ጎን ተፋና ልጆቹ ማሽኑ አጠገብ ቢደርሱ እንደሚሞቱ፣ እሱ ደግሞ ሬሳ ጭኖ ከተማ የመመላለስ ፍላጎት እንደሌለው ነገረኝ። "የአፍ መካኒክ ነው የላክህልኝ" አለ። "አንተም የአፍ መካኒክ ነህ።"

የዛሬን አያድርገውና እኔም ምላሴ አጭር አልነበረም። ፊደል የቆጠረ ሰው ስለሚያስፈራህ ነው፣ ከነሱ አንዱ ነገ አለቃህ እንዳይሆን ነው አልኩት። በሆዴም ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል እያልኩ ነበር። አጠገባችን የነበሩት ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ይሰሙናል። ኢክራምና አምስቱ ልጆች መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቆመዋል። መልስ መስጠት ያቆምኩት ሮብሌ ድንገት ከጄሪካኑ ሲነሳ ነው።

"ሀዬ፣ እሺ" አለ። "ክሬሸሩ ድንጋይ ነክሷል። ጠዋት ነው የቆመው። ጎበዝ የምትላትን ልጅ ጥራ፣ ገብታ ታውጣው። ካወጣች ለስድስቱም እፈርማለሁ።"

ክሬሸሩን ላላያችሁት፣ ሁለት የብረት መንጋጋ ያለው፣ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ነው። ጫኝ መኪና ከላይ ድንጋይ ይገለብጥበታል፣ መንጋጋዎቹ እያኘኩ ወደ ታች ያወርዱታል። አንዳንዴ ትልቅ ቋጥኝ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። ያኔ ሰው ገብቶ በሰንሰለት አስሮ በክሬን ያስወጣዋል። ኢክራምን አየኋት። ፊቷ አልተለወጠም። "እችላለሁ መምህር" አለችኝ፣ እኔም "አሳዪው" አልኳት። ይህችን ቃል እስከምሞት አልረሳትም።

ከክሬሸሩ አፍ ጎን ወዳለው መድረክ ወጣን። ከመንጋጋው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ፓኔል አለ። ኮሌጃችን ካለው ፓኔል ብዙም አይለይም፤ ያንን ሳይ ልቤ ሞላ። ከፓኔሉ ጎን ሰሌዳ ላይ ቀያይ ጓጉንቸሮች ቁልፋቸው እንደተሰካ ተደርድረው ተሰቅለዋል። ዐይኔ አይቷቸዋል። የኢክራም ዐይንም አይቷቸዋል ብዬ አምናለሁ። እጇን ብትዘረጋ ትደርስባቸው ነበር።

ኢክራም ሄልሜቷን አጠበቀች። ፓኔሉ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ማጥፊያውን ወደ ታች አወረደች። ከዚያም በዚያ ክፍሌን በሚያናጋው ድምጿ አራቱንም አወረደችው፤ አጠፋሁ፣ ቆለፍኩ፣ ካርድ ሰቀልኩ፣ ሞክሬ አረጋገጥኩ። አንዲት ቃል አልሳተችም። ዞራ አየችኝ፣ እኔም በኩራት ራሴን ነቀነቅሁላት። ሰንሰለቱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በመሰላሉ ወረደች። አናቷ ከመንጋጋው ጠርዝ በታች ተሰወረ።

ልጅቷ ታች ስትደርስ ሰንሰለቱ ብረቱን ሲነካ ሰማን። ያን ጊዜ ሮብሌ ወደ ፓኔሉ ተራመደ። ቸኩሎ አልነበረም። ኢክራም ያወረደችውን ማጥፊያ በአንድ ጣቱ ወደ ላይ መለሰው። ዞር ብሎ ዐይን ዐይኔን እያየ፣ ማዶ መቆጣጠሪያ ክፍል መስኮት ላይ ለተቀመጠው ሰው እጁን ከፍ አደረገ።

ሳይረኑ ጮኸ። ክሬሸር ከመነሳቱ በፊት ሰዎች እንዲሸሹ የሚጮኸው ነው።

ሮጥኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልሮጥኩም። ማጥፊያው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር፣ ዘልዬ መልሼ ማውረድ እችል ነበር። እግሬ ተተከለ። አፌ ብቻ ተከፈተ፣ ያወጣሁትም ድምፅ "ቆልፋለች" የሚል ነበር። "ቆልፋለች እኮ፣ ቆልፋለች" እያልኩ ጮህኩ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ የቀያይ ጓጉንቸሮቹ ረድፍ ታየኝ። አንድም አልጎደለም። እንዳልቆለፈች፣ ቆልፋም እንደማታውቅ፣ ጓጉንቸር በእጇ ይዛ እንደማታውቅ፣ ያስተማርኳቸው ሁሉ ይዘው እንደማያውቁ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ከጉድጓዱ ውስጥ የኢክራም ጫማ ብረቱን ሲቧጥጥ ይሰማል። መሰላሉን እየፈለገች ነበር።

ሳይረኑ ቆመ። መንጋጋው አልተንቀሳቀሰም።

ሮብሌ ከአንገቱ ክር ላይ ቁልፍ አወጣና እያወዛወዘ አሳየኝ። ዋናው የኃይል መስመር የሚመጣው ከኋላ ካለው ክፍል ነው፤ እኔ ከመድረሴ በፊት፣ ጠዋት ክሬሸሩ ሲቆም፣ እሱ ዋናውን በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎታል። ሳይረኑ በሌላ መስመር ስለሆነ ይጮሃል እንጂ ሞተሩ ሊነሳ አይችልም ነበር። ልጅቷ አንድም ሰከንድ አደጋ ላይ አልነበረችም። ይህን የድርጅቱ ሠራተኛ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። እሷም አታውቅም ነበር።

ኮሌታውን ያዝኩት። ሰው በሕይወቴ ደብድቤ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን እጄ ተነስቷል። ሁለት ሠራተኞች ከኋላ ያዙኝ። ነፍሰ ገዳይ አልኩት፣ አረመኔ አልኩት፣ ፖሊስ እጠራለሁ አልኩት። እሱ ኮሌታውን አስተካክሎ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተ።

ኢክራም ወጣች። ጉልበቷ ተልጦ፣ ፊቷ በኖራ ዱቄት ነጭ ሆኖ መድረኩ ላይ ተቀመጠች። ሮብሌን ትሰድበዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ያየችው እኔን ነው።

"መምህር፣ ብያለሁ እኮ" አለች። "አራቱንም ብያለሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሰምተኸኛል።"

የመለሰላት ሮብሌ ነው። "ሞተሩ አማርኛ አይሰማም" አለ። "ሶማሊኛም አይሰማም።"

ትንሽ ተቀምጣ ትንፋሿ ሲመለስ ተነሳችና በሶማሊ ልማድ አጎት ብላ፣ "አደር ሮብሌ" ብላ ጠራችው። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢያደርግባት በመዶሻ እንደምትመታው ነገረችው። አልቀለደችም፣ እሱም እንዳልቀለደች ያወቀ ይመስለኛል። ቀጥላ "አሁን እንዴት እንደሚቆለፍ አሳየኝ" አለችው።

አሳያት። ከሰሌዳው አንድ ጓጉንቸር አንስቶ አልሰጣትም፤ ራሷ እንድታነሳ አደረገ። ወደ ኋላው ክፍል ወስዶ የእሱ ጓጉንቸር አጠገብ የሷን አስቆለፋት፣ ቁልፉን ኪሷ አስከተታት፣ ስሟን ካርድ ላይ አስጻፋት። ተመልሳ ማስነሻውን ራሷ ተጫነች። ሳይረኑ ጮኸ፣ ማሽኑ ዝም አለ። ሳይረኑን ስትሰማ ትከሻዋ ሲሸማቀቅ አይቻለሁ። ከዚያ ሰንሰለቱን አንስታ ወደዚያው ጉድጓድ መልሳ ገባች። እኔ መድረኩ ላይ ነጭ ጋወኔን ለብሼ ቆሜ ነበር። ቋጥኙ በክሬን ተንጠልጥሎ ሲወጣ ሠራተኞቹ ለሷ አጨበጨቡ። እኔ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

ፈርም አላልኩትም። እሱ ግን መዝገቦቹን ከብብቴ ወሰደና አንድ በአንድ ጻፈባቸው። ስድስቱም ላይ "አልሠለጠነም" የሚል ነው። የኢክራምንም አልማረውም። ድንጋዩን አውጥታለች፣ ቃልህን ትበላለህ ወይ ብዬ ተከራከርኩ። ካወጣች እንጂ ከተማረች በኋላ ካወጣች አላልኩም ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሷን ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ እንደገና ስድስት ሳምንት እንደሚያሠለጥናት፣ የቀሩትንም ከፈለጉ እንደዚያው፣ እኔን ግን በዚህ በር ዳግመኛ እንዳያየኝ ነገረኝ። ኢክራም ለምዘናው ሳትቀመጥ ቀረች። እናቷን እንዴት አድርጋ እንዳሳመነች አላውቅም፤ ሰኞ ግን እዚያው ካባ ነበረች።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ ስነግር ሰዎች ወዲያው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። ሮብሌ አንድ የሚወደው ሰው ክሬሸር በልቶበት መሆን አለበት ይሉኛል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ አጠያይቄያለሁ። ማንም አልሞተበትም። ክፉ ሰው ነው፣ ትክክልም ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ መቀበል ምን ያህል እንደሚያንቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ልጅቷ ላይ ያደረገውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። ግን እሱ በእሷ ላይ ያደረገው ለአንድ ከሰዓት ነው። እኔ ያደረግሁባት ሁለት ዓመት ነው።

ወደ ኮሌጁ ተመልሼ የሆነውን ተናገርኩ። ጓጉንቸር ይገዛ፣ አሠልጣኞች በየዓመቱ ካባ ገብተው ይሥሩ፣ ከሁሉም በፊት እኔ ያሳለፍኳቸው ይጠሩና እንደገና ይሠልጥኑ አልኩ። ስብሰባው ላይ ያየሁት ፊት የሮብሌን ፊት ያስናፍቃል። አንዱ የኮሌጁን ስም ልታጠፋ ነው አለኝ፤ ሌላው እስከ ዛሬ በአንተ ሠልጣኝ የደረሰ አደጋ ሰምተናል ወይ ብሎ ጠየቀ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የመጋዘኑ ጓጉንቸር በሱ ስም የተመዘገበ መሆኑን አስረዳ። ከመዛኝነት ተነሳሁ። ተገፋሁ ብዬ አላለቅስባችሁም፣ ሲያንሰኝ ነው። እናንተም አሠልጣኝ ከሆናችሁ ወይም ልጃችሁን ለሙያ የሰጣችሁ ከሆናችሁ፣ ልጁ ምን እንደሚል አትጠይቁ። እጁ ምን እንደያዘ ጠይቁ።

እኔ የቀረኝ ስልክ ነበር። የድሮ መዝገቦቼን አወጣሁና ያሳለፍኳቸውን አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። አንዳንዱ ሙያውን ትቶ ባጃጅ ይነዳል፤ ያን ስሰማ ተመስገን አልኩ። አንዳንዱ የድርጅቱ ሰዎች መቆለፉን እንዳስተማሩት ነገረኝ። አንዳንዱ ስልኩን አያነሳም።

በሦስተኛው ቀን ሩቅ አገር ካባ የሚሠራ ታምራት የሚባል ልጅ አገኘሁ። ድምፄን ሲሰማ ደስታው ሌላ ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ድሬ ሙቀት ጠየቀኝ፤ እኔ ደግሞ እንደምንም ብዬ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። ሳቀና አራቱንም በቃሉ አወረደልኝ። ጓጉንቸር ትይዛለህ ወይ አልኩት። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም አለኝ።

"ግን አታስብ መምህር" አለ። "አሁን የጥገናው አሠልጣኝ እኔ ሆኛለሁ። አዲስ የገቡትን ሁሉ እኔ ነኝ የማስተምራቸው፣ አንተ እንዳስተማርከኝ አድርጌ። ድምፃቸው ካልተሰማኝ አላሳልፋቸውም።"

ስንት ናቸው አልኩት። ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው አለ። በዚያች ሰዓት የት እንዳሉ ስጠይቀው፣ ከሰዓት ፈረቃ ላይ መሆናቸውን ነገረኝ።

"ታምራት፣ አሁኑኑ አስወጣቸው" አልኩት።